ያረጀ የሀገር ልብስና አዲስ የቆዳ ቦርሳ፤ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ የሙያ ትምህርት

በየአጥቢያችን ዕቃ ቤትና በየምእመናኑ ሣጥን ተጣጥፎ የተቀመጠ አሮጌ የሀገር ልብስ ብዙ ነው። ጥበቡ ሳይደበዝዝ ነጩ ፈትል ብቻ የሳሳ ቀሚስ፣ ጠርዙ የተተለተለ ነጠላ፣ መካከሉ የተቀደደ ጋቢ፣ ባለቤቷ ካረፈች በኋላ ልጆቿ ሊለብሱትም ሊጥሉትም ያልቻሉት ልብስ በያለበት አለ። አንዳንዱን ብል ይበላዋል፤ አንዳንዱን የክረምት እርጥበት ያሻግተዋል፤ የቀረውም በዓል ሲደርስ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ተመልሶ ይገባል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ይህን ልብስ ከቆዳ ጋር አጣምሮ ቦርሳ መሥራት የእጅ ሙያ ሆኗል፤ ከአጥቢያዎችም «ለእናቶችና ለወጣቶች ልናስተምረው እንችላለን ወይ?» የሚል ጥያቄ ይቀርብልናል። መልሳችን ይቻላል የሚል ነው። ይሁን እንጂ መቀስ ከመነሣቱ በፊት ተለይቶ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ እርሱም ከሙያ አስቀድሞ የሥርዓትና የሕሊና ጉዳይ ስለሆነ በዚያ እንጀምራለን።

የትኛው ልብስ ይቆረጣል?

በቅዳሴ ያገለገለ ልብሰ ተክህኖ፣ የመንበር መጎናጸፊያ፣ የመቅደስ መጋረጃ፣ ለንዋያተ ቅድሳት መሸፈኛ የዋለ ጨርቅ ምንም ያህል ቢያረጅ ቦርሳ አይሆንም። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5 የተጻፈውን የብልጣሶርን ግብዣ ያነበበ ሰው፣ በዚያች ሌሊት ፍርድ የወረደው ለእግዚአብሔር ቤት የተለየው ዕቃ ለሌላ ተግባር በመዋሉ ጭምር እንደ ሆነ ያስተውላል። አገልግሎቱን የፈጸመ ንዋየ ቅድሳት በምን አኳኋን እንደሚወገድ የሚወስኑት አባቶች ናቸው፤ የሰበካ ጉባኤው የልማት ክፍል በዚህ እጁን አያገባም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ገበያው ስለሚፈትን ነው። በወርቀ ዘቦ ያጌጠ አሮጌ ካባ ከጥቁር ቆዳ ጋር ቢሰፋ እጅግ የሚያምር ዕቃ እንደሚወጣው ማንም ይገምታል፤ ገዥም አያጣም። ስለዚህ የሥልጠናው ልብስ የሚቀመጥበት ሣጥን ከዕቃ ቤቱ ውጭ በሌላ ክፍል ይሁን፤ ቁልፉም በሌላ ሰው እጅ ይያዝ።

በስለት ለቤተ ክርስቲያን ገብቶ ለመቅደስ አገልግሎት ያልዋለ ልብስ ደግሞ ሌላ ነው። ምእመናን ነጠላ፣ ጋቢ፣ ጃንጥላና ምንጣፍ ያገባሉ፤ ከዚህም ብዙው በጨረታ ተሸጦ ገንዘቡ ለአጥቢያው ገቢ ይሆናል። ልብሱን ከመሸጥ ይልቅ ለሥልጠና ማዋል የሚፈልግ ሰበካ ጉባኤ ይህን በቃል ሳይሆን በቃለ ጉባኤ ይወስን፤ የልብሱን ዓይነትና ብዛት በንብረት መዝገብ አስፍሮ፣ በሕጋዊ የወጪ ሰነድ ለሥልጠናው ኃላፊ ያስረክብ። በስለት የገባ ነገር በዝምታ ሲቆረጥ ያዩ ምእመናን ስለ ቦርሳው አይጠይቁም፤ ስለ ሙዳየ ምጽዋቱ መጠየቅ ይጀምራሉ።

ዕድሜ የጠገበ ልብስም አለ። በእጅ ጥልፍ የተዋበ የአያት ቀሚስ፣ የሐር ጥለት ያለው የቀድሞ ዘመን ኩታ ቅርስ ሊሆን ይችላል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን መጠበቅና መንከባከብ የባለይዞታው ግዴታ እንደ ሆነ ይደነግጋል። ጥርጣሬ ባለበት ሁሉ ልብሱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳየት ከአንድ ሳምንት በላይ አያዘገይም። ደግሞም ወጣት ሠልጣኞች «አሮጌ» የሚሉትንና ሽማግሌዎች «አሮጌ» የሚሉትን ልብስ ለይቶ ማወቅ የሚችሉ አንዲት እናት በቡድኑ ውስጥ ብትኖር፣ ብዙ ልብስ ከመቀስ ይድናል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ምእመናን በፈቃዳቸው ለዚሁ ተግባር የሚሰጡት ልብስ ነው። በዚህም ላይ አንድ ደንብ እንዲጠበቅ አጥብቀን እንመክራለን፤ ሊለበስ የሚችል ልብስ አይቆረጥም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጻፈችው ጣቢታ ስትሞት፣ መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። በደጀ ሰላሙ ብርድ የሚያንቀጠቅጠው ነዳይ ተቀምጦ ደኅና ጋቢ ለቦርሳ ገበር የሚቆርጥ አጥቢያ የልማቱን ቅደም ተከተል አዛብቷል። ለነዳያን ይታደል ተብሎ የተሰጠ ልብስ ለነዳያን ይታደላል፤ ሊለበስ የማይችለው ብቻ ሰጪው ተጠይቆ ወደ ሥራው ይገባል።

በተለይ የሟች ልብስ ጥንቃቄ ይሻል። ከዐርባው ተዝካር በኋላ ቤተሰቡ የእናትን ቀሚስ ይዞ መጥቶ «አንድ ነገር ሥሩልን» ሲል፣ በቤት ያሉት ልጆች ተስማምተው ይሆናል፤ በአሜሪካ ወይም በዐረብ ሀገር ያለችው እኅታቸው ግን አልሰማች ይሆናል። እርስዋ ለዓመት ክርስቲያንዋ መጥታ የምትፈልገው ያንኑ ቀሚስ ቢሆን፣ በሰላም የተጀመረ ሥራ በጠብ ይፈጸማል። ስለዚህ ከልብሱ ጋር የሁሉም ልጆች ስምምነት በጽሑፍ ይምጣ። በአንጻሩ ግን በደንብ ከተያዘ ይህ ሥራ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ትርጉም ያለው ነው፤ ኋላ እንደምናሳየው ከአንድ ቀሚስ ጥበብ ለሦስት ልጆች ሦስት ቦርሳ ይወጣልና፣ በሦስት አገር የሚኖሩ ልጆች የእናታቸውን ልብስ በየትከሻቸው ሊይዙ ይችላሉ።

ሸማኔው፣ ፋቂውና ደጓሹ

ጨርቅን በቆዳ ማቀፍ ከውጭ የተቀዳ ፋሽን የሚመስላቸው አሉ። የብራና መጻሕፍቶቻችንን ሽፋን ከፍቶ ያየ ካህን ግን እንዲህ አይልም። ደጓሽ የእንጨቱን ገበታ በቆዳ ሲያለብስ፣ የቆዳውን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፎ በገበታው ዙሪያ ይለጥፈዋል፤ በዚህ ጊዜ በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ መካከል ቆዳ ያልደረሰበት አራት ማዕዘን መስኮት ይቀራል። በብዙ መጻሕፍት ይህ መስኮት የሚሞላው በጨርቅ ነው። ከሕንድና ከሌላም የባሕር ማዶ አገር የመጣ የሐር፣ የከፋይ ወይም ባለ አበባ ጥጥ ቁራጭ በዚያ ተለጥፎ ይገኛል። ቆዳው ከውጭ መታሸቱን፣ መያዙንና መንጠልጠሉን ይችላል፤ ጨርቁ በቆዳው ክፈፍ ውስጥ ሆኖ ያጌጣል። በዚህ ትምህርት የምናቀርበው የቦርሳ አሠራርም ከዚህ የተለየ አይደለም። መጽሐፉ ራሱ ደግሞ ማንገቻ ባለው የቆዳ ማኅደር ይገባል፤ ማኅደር በግድግዳ የሚሰቀል፣ በመንገድም በትከሻ የሚነገት የቆዳ ቦርሳ እንደ ሆነ ልብ ይሏል። አገልግሉ፣ ስልቻው፣ አቁማዳው፣ ኮረጆውም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ይህን ሙያ ይዘው ያቆዩልን ሰዎች ግን ምን ተባሉ? ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ጨርቅ የሚሸምነውን ሸማኔ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ባለእጅ ኅብረተሰባችን ቡዳ እያለ ሲያርቅ፣ ጋብቻና ማዕድ ሲከለክል ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል፤ ስድቡ ግን በዐዋጅ ብቻ አልጠፋም። በየአጥቢያው ሥልጠና ሲጀመር ይህ ጥላ ይታያል። ልብስ ስፌት ለመማር የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች ቆዳ ሲባል ወደ ኋላ የሚሉት ሥራው ከብዷቸው ብቻ አይደለም፤ «የፋቂ ሥራ» የሚለው ቃል ከቤታቸው ስለሚከተላቸው ጭምር ነው። በዚህ ቦታ የካህኑ ቃል ከአሠልጣኙ ይልቅ ይሰማል። ቅዱስ ጴጥሮስ የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች ባገኙት ጊዜ በኢዮጴ ያረፈው በማን ቤት ነበር? በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። በአይሁድ ሥርዓት ዘወትር ከበድን ጋር የሚውል ሰው እንዴት ይታይ እንደ ነበር የሚያውቅ መምህር፣ የሐዋርያውን ማደሪያ ለምእመናን ሲያብራራ ስብከቱ ከሥልጠናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ቅዱስ ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። የመገናኛው ድንኳን ሠሪዎች ባስልኤልና ኤልያብም የሽመናውንና የጥልፉን ጥበብ ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበሉ በኦሪት ዘጸአት ተጽፏል።

ጨርቁን ስለ ማዘጋጀት

የመጀመሪያው ሥራ ልብሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ መመርመር ነው። የሀገር ልብስ በድርና በማግ የተሸመነ ነውና ሁለቱ እኩል አያረጁም። ጨርቁን በሁለት እጅ ይዞ አንድ ጊዜ በቁመቱ፣ አንድ ጊዜ በወርዱ ቀስ ብሎ መሳብ ያስፈልጋል፤ የመተርተር ድምፅ ከተሰማ ያ ክፍል ለመስኮት አይሆንም። ጥበቡ ብዙ ጊዜ ከነጩ ክፍል ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም ሸማኔው በመሠረቱ ማግ ላይ ተጨማሪ ባለቀለም ክር እየጨመረ ስለሚሠራው ወፈር ይላል። የልብሱ ነጭ ክፍል አልቆ ጥበቡ የሚተርፈውም ስለዚህ ነው።

ማጠቡ ከመቁረጡ ይቀድማል። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ሳይታጠብ የተሰፋ ጨርቅ በኋላ እርጥበት ሲያገኘው ቆዳውን ይዞ ይጨማደዳል። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ለነጩ የጥንቱ እንዶድም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የእንዶድ እጣቢ ወደ ወንዝና ወደ ኩሬ አይደፋ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ልብስ አጣቢዎች በሚያጥቡበት አካባቢ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የእንዶድን ኃይል ለቢልሃርዚያ መከላከያ እንዳጠኑት ይታወቃል፤ ያው ኃይል ዓሣንም ይገድላል። በረኪና ግን በፍጹም አይቅረብ። ያረጀውን ጥጥ ይበልጥ ያሳሳዋል፤ የጥበቡን ቀለምም ያጠፋዋል። ማድረቁ በጥላ፣ በንጹሕ አንሶላ ላይ ተዘርግቶ ይሁን፤ እርጥብ ሆኖ በገመድ የተሰቀለ አሮጌ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይለጠጣልና። ጥበቡ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ክር ካለ ካውያው በመካከሉ ጨርቅ ተደርጎ በትንሽ ሙቀት ይተኮስ። ዛሬ በገበያ ያለው ብልጭልጭ ክር አብዛኛው ፕላስቲክ ነክ ነውና በጋለ ካውያ ይቀልጣል።

ከዚያ በኋላ ጥበቡ ብቻውን አይተውም። በታጠበና በተተኮሰ አቡጀዲ ላይ ይነጠፍና በሰፋፊ የእጅ ስፌት ይያያዛል። ለዚህ ደንብ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ጌታችን ስለ አዲስ እራፊና ስለ አሮጌ ልብስ የተናገረውን ማስታወስ ይበቃል። ምሥጢሩን መምህራን ይተርጉሙት፤ ምሳሌው ግን ልብስ ሰፊ ሁሉ በእጁ የሚያውቀው እውነት ነው። አዲሱ ይሰበሰባል፣ ጠንካራውም ይጎትታል፤ አሮጌው ይቀደዳል። አዲስ ቆዳን ከአሮጌ ጥበብ ጋር በቀጥታ የምንሰፋ ከሆነ ያንኑ እናደርጋለን። ስለዚህ የቦርሳው ሸክም ሁሉ ከማንገቻው ወደ ቆዳው፣ ከቆዳው ወደ ቆዳው መሄድ አለበት፤ ጥበቡ ምንም ሸክም አይሸከምም።

የተቀደደ ጋቢስ? ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ በቆዳውና በገበሩ መካከል የሚገባ ምርጥ ሙሌት ይሆናል። ከገበያ የሚገዛው ስፖንጅ በጥቂት ዓመታት ይፈረካከሳል፤ ጋቢ አይፈረካከስም።

ቆዳውን ስለ መምረጥ

ስለ ቆዳ እጅግ ብዙ መናገር ይቻላል፤ ለጀማሪ ቡድን የሚያስፈልገውን ብቻ እንጠቁማለን። በየበዓሉ ማግስት የበግና የፍየል ቆዳ ገዥ አጥቶ በየሜዳው ሲጣል ስናይ ማዘናችን አይቀርም፤ ይሁን እንጂ አጥቢያዎች ጥሬ ቆዳ በራሳቸው ግቢ ለማልፋት እንዲነሡ አንመክርም። ማልፋት ውኃ፣ ኬሚካልና የፍሳሽ ማስወገጃ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሆን አይደለም። የለፋ ቆዳ መግዛት ይሻላል፤ ከዚያም የተሻለው ከጫማና ከቦርሳ ሠሪዎች የሚተርፈውን ቁርጥራጭ መሰብሰብ ነው። እኛ በምናቀርበው አሠራር የቦርሳው ፊት ክፈፍ ከአራት ጠባብ ቁራጮች ሊገጣጠም ስለሚችል፣ ለሌላው ትርፍ የሆነ ቆዳ ለዚህ ይበቃል።

ለማንገቻ፣ ለታችኛው ወለልና ለማዕዘኖች የከብት ቆዳ፣ ለክፈፉና ለክዳኑ የፍየል ቆዳ ይስማማል። የበግ ሌጦ ለስላሳና የሚያምር ነው፤ ነገር ግን ይለጠጣልና ለማንገቻ አይሁን። ከውጭ የመጣ ቆዳ የሚገዛ ቡድን ስለ ገበሩ ይጠይቅ፤ የአሳማ ቆዳ ለገበር በብዛት ስለሚውል፣ ለመጽሐፍ መያዣ ብሎ የገዛው ምእመን በኋላ ቢያውቅ ያዝናል።

ጥቁርና ቀይ ቆዳ ነጭ ጥጥ አጠገብ ከመቅረቡ በፊት ይፈተን። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርጥቦ ቆዳውን 20 ጊዜ ያህል ማሸት ነው፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ያ ቆዳ ለዚህ ሥራ አይሆንም። በዕፅ ቅርፊት የለፋ ቡናማ ቆዳ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ እርጥብ ሆኖ ብረት ሲነካው ጥቁር ነጥብ ያወጣል። ስለዚህ የሚዝግ ዘለበትና ቁልፍ አይደረግበት፤ የነሐስ ይሁን።

መስኮቱን ስለ መሥራት

በምሳሌ እንመልከተው። የቦርሳው ፊት ወርዱ 26፣ ቁመቱ 32 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በዙሪያው 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የቆዳ ክፈፍ ሲተው፣ መካከሉ 18 በ24 የሆነ መስኮት ይወጣዋል። ጥበቡ በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ከክፈፉ ሥር መግባት ስላለበት 20 በ26 ተደርጎ ይቆረጣል። እንግዲህ ከቀሚሱ ፊት የሚወርደው ጥበብ ስፋቱ 20፣ ርዝመቱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሦስት መስኮት ሞልቶ 2 ሳንቲ ሜትር ይተርፋል። ከመቁረጡ በፊት ግን የጥበቡን አሠራር ማየት ያስፈልጋል። ሸማኔው አበባውን ወይም መስቀሉን በየስንት ሳንቲ ሜትሩ እንደ ደገመው ተለክቶ፣ በእያንዳንዱ መስኮት ሙሉ ምስል እንዲገባ ካልተደረገ፣ በልኬት ትክክል የሆነ ቦርሳ ለዓይን ግማሽ መስቀል ይዞ ይወጣል። ለዚህ ሲባል ከሦስት ይልቅ ሁለት መስኮት ቢወጣ ኪሳራ አይባልም።

ስለ መስቀሉ ይህን እንጨምር። ብዙው ጥበብ መስቀል አለበት። ቦርሳ መሬት ላይ ይቀመጣል፣ በአውቶቡስ ወለል ይንከባለላል፣ ከጫማ ጋር ይውላል። የመስቀል ምስል ያለበት ጥበብ በቦርሳው ታችና ጀርባ እንዳይሆን፣ ይልቁንም ለዳዊት፣ ለሰዓታትና ለሌሎች መጻሕፍት ማኅደር እንዲለይ እንመክራለን። ለዕለት ቦርሳ አበባውና ሌላው የሐረግ ሥራ ይበቃዋል። ይህ የእኛ አስተያየት ነው፤ አጥቢያው ከአባቶች ጋር ተመካክሮ የሚወስነው ጉዳይ ነው።

ስፌቱ የሚሄደው ከመስኮቱ ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ክፈፉ ገብቶ ነው። የስፌቱ ዙሪያ 88 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ በየ4 ሚሊ ሜትሩ አንድ ቀዳዳ ቢበሳ 220 ቀዳዳ ያስፈልጋል። ቀዳዳዎቹ በማስመሪያ ተለክተው ምልክት ሳይደረግባቸው በዓይን ግምት አይበሱ። ጨርቅ ላይ የተሳሳተ ስፌት ተፈትቶ ይስተካከላል፤ ቆዳ ግን ወስፌ የበሳውን ቀዳዳ አይደፍንም። በተመሳሳይ ምክንያት ቆዳን በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ አይገባም፤ የልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ይበቃል።

ክሩ በንብ ሰም ይታሽ። ሰም ለማግኘት አጥቢያ አይቸገርም፤ ክሩን ከእርጥበት ይጠብቀዋል፣ በቀዳዳውም አጥብቆ ይይዘዋል። ለጧፍ እየተባለ የሚሸጠው ፓራፊን ግን እየተፈረፈረ ስለሚረግፍ ለዚህ አይሆንም። ስፌቱ በሁለት መርፌ ነው፤ አንድ ክር በሁለቱም ጫፉ መርፌ ይገባለትና ሁለቱ መርፌዎች በአንዱ ቀዳዳ ከፊትና ከኋላ ይተላለፋሉ። የመኪና ስፌት አንድ ቦታ ሲበጠስ ተያይዞ ይተረተራል፤ በሁለት መርፌ የተሰፋው ግን አንዱ ቢበጠስ ሌላው ይዞት ይቆያል። የስፌት መኪና ያለው አጥቢያ ገበሩንና አቡጀዲውን በመኪና ይስፋ፤ መስኮቱንና ማንገቻውን ግን በእጅ ይስፋ። ማስቲሽ የሚቀባው ከቆዳ ወደ ቆዳ ብቻ፣ በስሱ፣ መስኮት ተከፍቶ ነው፤ ጥበቡን ከነካው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፤ ሽታውም ለሠራተኞቹ ሳንባ ጎጂ ነው።

ዋጋውና ሠራተኞቹ

ልብሱን ማጠብና መምረጥ 1 ሰዓት፣ ከአቡጀዲ ጋር ማያያዝ 1 ሰዓት፣ ቆዳ መቁረጥ 1 ሰዓት፣ መብሳትና መስፋት 4 ሰዓት ቢወስድ፣ አንድ ቦርሳ የ7 ሰዓት ሥራ ነው። ይህን ለምሳሌ ያህል አቀረብን እንጂ ጀማሪ ከዚህ እጥፍ ሊቆይ ይችላል። ዋጋ የሚሰላው በአካባቢው አንዲት የእጅ ሠራተኛ በሰዓት ከምታገኘው ተነሥቶ፣ የቆዳው፣ የገበሩ፣ የክሩና የዘለበቱ ወጪ ተጨምሮበት ነው። በስጦታ የመጣው ልብስም በነጻ አይቆጠር፤ በጨረታ ቢሸጥ ያወጣ የነበረው ዋጋ በሒሳቡ ይግባ። እንዲህ ካልሆነ ሥራው የሚያተርፍ ይመስላል እንጂ የሚኖረው ከአጥቢያው ገቢ እየበላ ነው። በምእመናን ርኅራኄ የሚሸጥ ቦርሳም አንድ ጊዜ ይሸጣል። ለእሑድ ባዛር ለመርዳት ብሎ የገዛ ሰው ለሁለተኛ ጊዜ የሚገዛው ዘለበቱ ካልተነቀለና ማንገቻው ካልተላቀቀ ነው።

ሸማኔውንም አንርሳ። የጋሞ ደጋ ሸማኔዎች፣ በተለይም በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሠፈሩት ዶርዜዎች፣ ዛሬ ከውጭ በሚገባ በማሽን የታተመ የጥበብ አምሳያ ጨርቅ ገበያቸው እየተወሰደባቸው ነው። ያ ጨርቅ ከሩቅ ጥበብ ይመስላል፤ ገልብጦ ላየው ግን በጀርባው ክር የለውም፣ ቀለም ብቻ ነው። አሮጌ ልብስ ሲያልቅ ቡድኑ ወደዚህ የታተመ ጨርቅ እንዳይዞር ከመጀመሪያው ይወሰን። ለቦርሳ መስኮት የሚሆን 20 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጥበብ ለሸማኔ ማዘዝ ይቻላል፤ ጠባብ ስለሆነ ከሙሉ ቀሚስ ይልቅ በአጭር ጊዜ ይደርሳል፣ ሸማኔውም ሥራ በሚቀንስበት የጾም ወራት ትእዛዝ ያገኛል። ገዥውም ይህን ይወቅ። በእያንዳንዱ ቦርሳ ውስጠኛ ኪስ ጥበቡ ከአሮጌ ልብስ የተወሰደ ወይም በአዲስ የተሸመነ መሆኑ፣ ማን እንደ ሰፋውና በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደ ተሰፋ በትንሽ ቁራጭ ቆዳ ላይ ተጽፎ ይሰፋ። አዲሱን ጥበብ በሻይ ነክሮ አሮጌ አስመስሎ መሸጥ ማታለል ነው።

የሚተርፈው ቁርጥራጭ ሁለት ዓይነት ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው የጥበብ ጥብጣብ ለመጽሐፍ ዕልባት፣ ለቁልፍ መያዣና ለቦርሳው ዚፕ ጫፍ ይሆናል። የቆዳው ቁርጥራጭ ግን፣ በተለይ ሲቆረጥ መካከሉ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሚታየው በክሮም የለፋው፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሌላ ቆሻሻ ጋር እንዳይቃጠል። ክሮም በእሳት ወደ መርዛማ ዓይነቱ ሊለወጥ ስለሚችል ጢሱም አመዱም ጎጂ ነው። በከረጢት ተጠራቅሞ ለትራስና ለመቀመጫ ሙሌት ይዋል፤ ወይም ከከተማው ቆሻሻ ጋር ይወገድ።

ሠልጣኞች የመጀመሪያ ሥራቸውን በቦርሳ አይጀምሩ። ለአንድ ትንሽ ዳዊት የሚሆን፣ ዚፕና ገበር የሌለው ማኅደር ሁለት ቁራጭ ቆዳ፣ አንድ መስኮትና አንድ ማንገቻ ብቻ ነው፤ ከላይ የተነገረው ሙያ ግን ሁሉም በእርሱ ውስጥ ይገኛል። በአጥቢያው የአብነት ትምህርት ቤት ካለ፣ የእነዚህ የልምምድ ማኅደሮች የመጀመሪያዎቹ ለተማሪዎቹ ይሰጡ። ዕለት ዕለት ከትከሻ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ትከሻ የሚሄድ ዕቃ ስፌቱ የላላበትን ቦታ ከአሠልጣኙ ዓይን ቀድሞ ያሳያልና፣ ከሦስት ወር በኋላ ማኅደሮቹ ተሰብስበው ይመርመሩ፤ የተላቀቀው ማንገቻ የማን ሥራ እንደ ሆነም በውስጡ ከተጻፈው ስም ይታወቃል።